ያለ ሽቦ የሄደ ግጥም

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የወጣነው ኔትወርክ ፍለጋ ነው። ከቤታችን ጀርባ ያለውን ጉብታ ቀስ እያልን ወጥተን፣ ባሕር ዳር ላለችው ልጃችን ለመደወል ስልኩን ወደ ሰማይ ቢያነሣው፣ ወዲህ ወዲያ ቢያዞረው፣ አልይዝ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ነውና ዝም ብሎ መመለስ አልሆነለትም፤ ማዶ ወዳለው ገደል ዞሮ ስሜን ጮክ ብሎ ጠራ። ገደሉም ጥቂት ቆይቶ ጠራኝ።

"ይኸውልሽ ራዳር! የገደል ማሚቶ ማለት ነው። የላክሽው ይመለሳል፤ በቆየበት ልክ ርቀቱን ታውቂያለሽ።"

"ሽማግሌ ሰው እንዲህ ሲጮኽ ጎረቤት ምን ይላል?" አልኩት።

ስንወርድ ለተማሪዎቹ ይነግር የነበረውን ነገረኝ፤ ሰው መጀመሪያ በሽቦ ላይ የቴሌግራም ምት ብቻ ይልክ እንደ ነበር፣ ቀጥሎ ሽቦውን ጥሎ ባሕር ላይ ካለ መርከብ ጋር እንደ ተነጋገረ፣ ኋላም የላከው ሞገድ ከሩቅ ነገር ላይ ነጥሮ ሲመለስ አስተውሎ፣ በጦርነት ዘመን ደመና የጋረደውን አውሮፕላን ለይቶ ማወቅ እንደ ቻለ። ብዙ ጊዜ የሰማሁት ቢሆንም አላቋረጥኩትም። በዚያው ሳምንት ዐረፈ።

እኔ ያለ ሽቦ የሚሄድ ድምፅ ያወቅሁት ግን እሱን ከማወቄ በፊት፣ በልጅነቴ፣ በአንድ ክረምት ነው። አባቴ ሆዱን ታሞ በቃሬዛ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ከተወሰደ በኋላ ወንዙ ሞላ፤ ይሙት ይዳን የሚነግረን ጠፋ። እናቴ ታናሽ ወንድሜን አዝላ፣ እኔን በእጇ ይዛ፣ ጭቃውን እያቦካን ወገዳ ፖሊስ ጣቢያ ደረስን። እዚያ አንድ አረንጓዴ ሣጥን ነበር። ከሣጥኑ የወጣው ሽቦ በመስኮት አልፎ ባሕር ዛፉ ጫፍ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሰማይ ብቻ ነው። የሬዲዮ ሠራተኛው ጋሽ ደምሴ በማነጋገሪያው፣ "የበሽተኛው ሚስት ስለ ጤናው ትጠይቃለች፤ ተቀበል!" ብሎ ጮኸ።

በሬዲዮ ተቀበል ማለት ተራው ያንተ ነው ማለት ኖሯል፤ በእኛ አገር ግን ተቀበል የሚባለው ለአዝማሪ ነው፤ ግጥም ሰጪው ተቀበል ይላል፣ አዝማሪው ቃሉን ይደግመዋል። እናቴ ሣጥኑ ግጥም የሚጠብቅ መስሏት፣ ጋሽ ደምሴ ጣቱን ከመናገሪያው ቁልፍ ሳያነሣ ቀደመችው፤

በሬው በረት ቆሞ መንገድ መንገድ ያያል፣
እርፉ ያላንተ እጅ ለማን ይታዘዛል?

"እታለም! ይሄ የመንግሥት መሣሪያ ነው እንጂ ማሲንቆ አይደለም!"

"ተቀበል አላልክም እንዴ?"

ተራ የሚጠብቀው ሰው በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ሳያልቅ ሣጥኑ ተንኮሻኮሸ። የደብረ ታቦሩ ሠራተኛ የሰማውን መልእክት በትክክል መያዙን ለማረጋገጥ መድገም ደንቡ ነውና፣ የእናቴን ግጥም ቃል በቃል ደገመው። አንድ አዛውንት ቄስ አማተቡ። ከእናቴ አፍ የወጣው ቃል ጭቃው ሳይዘው፣ ሙላቱ ሳይወስደው ደርሶ ተመልሷል።

"ለበሽተኛው ይነገራል፤ ጠብቁ" አለ ድምፁ።

ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሣጥኑ እንደገና ተናገረ። እናቴ ልጁን ከጡቷ ነጥላ ብድግ አለች።

"የበሽተኛው መልስ፤ በሬውን ለማንም እንዳታውሺ፣ እመጣለሁ። ተቀበል።"

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና እየሳቀች አለቀሰች። "አይ እሱ! አልጋ ላይ ሆኖም ለበሬው!" አለች። ወንዙ ሲጎድል አባቴ በእግሩ መጣ።

ዛሬ ስልክ በየኪሱ ነው፤ ልጄም በየጊዜው ትደውላለች። ድምፅ ባዶ ሰማይ አቋርጦ መምጣቱ አሁንም ያስደንቀኛል፤ መደነቄን አብሮኝ የሚያወራው ሰው ግን የለም።

አሁን በገበያ ቀን ማንበብ የማይችሉ እናቶች ስልካቸውን ይዘው እኔ ዘንድ ይመጣሉ፤ ልጆቻቸው የላኩላቸውን መልእክት፣ እንደዚያ እንደ ደብረ ታቦሩ ሠራተኛ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ አነብላቸዋለሁ።