ገበጣ የተማርኩበት የነገሌ በጋ

ሰሞኑን የጎረቤት ልጆች ደጃፌ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ገበጣ ሲጫወቱ አገኘኋቸው። ልቆጣ ወጥቼ ሳልቆጣ ቀረሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ስለማይታጠፍልኝ አብሬያቸው አልተቀመጥኩም እንጂ እጄን በልቶኝ ነበር። በሩን ተደግፌ ሳያቸው ሳላስበው የመጀመሪያው የነገሌ በጋዬ ትዝ አለኝ።

ነገሌ የመጣሁት በሃያ አንድ ዓመቴ፣ ከአሰላ ነው። ባለቤቴ መኮንን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር፤ ተመድቦ ቀድሞኝ መጣ። እኔ ልጃችን ብርቱካን ክርስትና ከተነሳች በኋላ በጭነት መኪና ጋቢና ታቅፌያት ተከተልኩት። ከክብረ መንግሥት ወዲህ ጫካው እየሳሳ ሄዶ ቀዩ አፈርና ግራሩ ሲጀምር ሹፌሩን ደጋግሜ “ደረስን?” እለው ነበር። “ገና ነው” ይለኛል፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። ስንደርስ የልጄ ነጭ ሻሽ የሸክላ መልክ ይዞ ነበር።

የተከራየነው እትዬ ሀቢባ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ነው። እትዬ ሀቢባ ገበያው ውስጥ ከባለቤታቸው ጋር ጨርቅ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ቤቱ ኮርኒስ የለውም፤ ቀትር ላይ ቆርቆሮው ከላይ እየተንጣጣ እንደ ምድጃ ይነድዳል። ውሃ በአህያ ነው የሚመጣው፤ የሚመጣበትን ሰዓት የሚያውቀው ደግሞ አህያው ብቻ ነው። መጋረጃ ሰቀልኩ፣ አልጋውን ዘረጋሁ፣ ከዚያ ጉልበቴ አለቀ። የቀረው ዕቃ በካርቶን እንደታሰረ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ጠዋት የጠረግኩትን ወለል ከሰዓት ነፋሱ መልሶ አፈር ያለብሰዋል። ጡት እያጠባሁ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ልጅቷ ስታለቅስ እነቃለሁ፤ ቀኑ እንዲህ እያለ ይመሻል።

በዚያ ዓመት ደግሞ ዝናቡ ቀረ። መኮንን ሊበን ገጠር ወጥቶ ብዙ ቀን ይቆያል። ሲመለስ ልብሱ የሞተ ከብት ይሸታል። እግሩን ይታጠባል፣ የቀረበለትን ሹሮ ይበላል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። “እንዴት ነበር?” ስለው “ደህና ነው” ነው መልሱ። እኔም ስለ ውሃው፣ ስለ ልጅቷ ሳል ልነግረው የያዝኩትን እተወዋለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በጥላው በኩል ተቀምጬ ሳለቅስ እትዬ ሀቢባ አገኙኝ።

“ናጋ ቡልቴ?” አሉኝ በኦሮምኛ፣ ጠዋት ‘ደህና አደርሽ?’ እንደሚባለው፣ እንባዬን እንዳላዩ ሆነው።

“ናጋ፣ እትዬ።”

“ኮቱ፣ ነይ እዚህ። ልጅቷን ስጪኝ።” ብርቱካንን ጭናቸው ላይ አስተኙና በማንኪያ ጀርባ መሬቱ ላይ ትናንሽ ጉድጓዶች ማበጀት ጀመሩ። ከዚያ ከፍየሎቹ ጉረኖ የደረቀ በጠጥ አፍሰው አመጡ።

“ይሄን በእጄ ልይዝ?”

“ደርቋል እኮ! ጠጠር ይከብዳል፣ ባቄላ ደግሞ ይበላል። ሊበን ያሉት ሽማግሌዎች በምን የሚጫወቱ መሰለሽ?”

ከመጣሁ ወዲህ የሳቅኩት ያን ቀን ነው። ገበጣ ከዚያ በፊት ነክቼ አላውቅም። በየጉድጓዱ አንድ አንድ እያደሉ መዞሩን ቶሎ ለመድኩት፤ የቱን አንስቼ የት እንደምጨርስ አስቀድሜ ማየት ግን አቃተኝ። እትዬ ሀቢባ በአንድ እጃቸው ልጄን እየወዘወዙ በሌላው ሙልጭ አድርገው ይበሉኛል። “እጅሽ ይቸኩላል” ይሉኛል። በየቀኑ ልጅቷ ስትተኛ ብቻዬን፣ በቀኝና በግራ እጄ እየተፎካከርኩ እለማመድ ጀመር። ድካሙ አልቀነሰም። ግን ቀኑ ውስጥ የእኔ የሆነች አንዲት ሰዓት ተገኘች።

ሆኖም ቆርጬ ነበር። አሰላ፣ እናቴ ጋ ልሄድ ወሰንኩ፤ ቅዳሜ ወደ ሻሸመኔ የሚወጣ ሹፌርም አነጋገርኩ። ለመኮንን ያልነገርኩት እንዴት እንደምጀምር ስላልገባኝ ነው።

ከገጠር የተመለሰው ሐሙስ አመሻሽ ላይ ነው። ቦርሳውን ሳያወርድ ጉድጓዶቹ ጋ ቆመ።

“ማን ነው የሚጫወተው?”

“እኔ።”

ሳይታጠብ ቁጭ አለ። “አሳዪኝ።”

አሳየሁት። እንደ እኔው ቸኳይ ነበር። ሁለት ጊዜ አሸነፍኩት። ሦስተኛው ላይ ዓይኑን ከጉድጓዶቹ ሳያነሳ ማውራት ጀመረ። አንድ ሽማግሌ መንደራቸው ወስደውታል፤ የቀረቻቸው አንዲት ላም ወድቃለች። መድኃኒት ሊወጋት ሲል እጁን ያዙት። “መድኃኒቱን ለምትነሳ አቆየው። አንተ ግን ላሚቱ እስክትሞት አብረኸኝ ተቀመጥ” አሉት። ከጠዋት እስከ ከሰዓት አብሯቸው ተቀመጠ። “አስቴር፣ የተማርኩት ለዚህ ነበር እንዴ?” አለኝ። ልቡ እንዲህ መጎዳቱን አላውቅም ነበር።

እኔም በተራዬ የደበቅኩትን አውጥቼ “ቅዳሜ አሰላ ልሄድ ነው” አልኩት።

በእጁ ያለውን አድሎ ጨረሰ። “ትመለሻለሽ?”

“አላውቅም።” እውነቴን ነበር።

“ተራሽ ነው” አለኝ።

ቅዳሜ ሻንጣዬን ራሱ ተሸክሞ መኪናው ድረስ ሸኘኝ። ልጁን ሳመ፤ ለእኔ የግመል ወተት በጠርሙስ አቀበለኝና በሩን ዘጋልኝ። አትሂጂ አላለም። ብሎ ቢሆን የምጣላው ይመስለኛል።

እናቴ ቤት ተኛሁ። ሌላ የማወራው የለም፤ ተኛሁ፣ ገብስ ቆሎ በላሁ፣ ከውርጩ ሸሽቼ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልዬ ደግሞ ተኛሁ። ዘመዶች “ባሏን ጥላ መጣች” ሲሉ እየሰማሁ ነበር። እናቴ ግን ልጅቷን እያዘለች ከፊቴ ዞር ታደርግልኝ ነበር። እንዲህ ሆኜ ሳምንታት ካለፉ በኋላ አንድ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ አልደከመኝም። በዚያው ቀን መኮንን ናፈቀኝ፤ ሐሙስ ዕለት መሬት መሬት እያየ ያወራው መኮንን።

ስመለስ ነገሌ ዘንቦባት ነበር። መንገዱ ጭቃ፣ ግራሩ ለምልሟል። ቤት ስገባ ካርቶኖቹ እንደተውኳቸው ጥግ ላይ ናቸው።

“ምነው አልፈታሃቸውም?”

“ምኑን የት እንደምታደርጊው ሳላውቅ?” አለ እያፈረ።

ብርቱካንን ወለሉ ላይ አስቀምጠን አብረን ፈታናቸው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ድርቆች፣ ሌሎች ልጆች መጥተዋል፤ የራሳችንን ቤት ሠርተናል። ድካሙ በየመልኩ ተመላልሷል። መኮንን አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ ከምሳ በኋላ ያንቀላፋል።

በዚህ ከተማ ሠርግ ሲኖር እንደ ትልቅ ሰው እቆጠራለሁና “ሙሽራዋን ምከሪያት” እባላለሁ። የሚጠበቅብኝ “ቻይው” ማለት ነው፤ ከእኔ በፊት ያሉት ሁሉ ብለውታል። እኔ ግን ይህ ቃል ከአፌ አይወጣም። ያን በጋ ችዬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ያለሁ አይመስለኝም። ስለዚህ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብዬ “ሲደክምሽ እረፊ” እላታለሁ። ዘፈኑ ስለሚጮህ ትስማው አትስማው አላውቅም።