ኔቪል ኦልድሮይድ፣ ለአራተኛ ጊዜ ጊዜያዊ

በዚያ መስከረም ብራክንሾው ውስጥ የተወራው ወሬ ይህ ነው። የራግቢ ክለባችን ጊዜያዊ አሰልጣኝ ኔቪል ኦልድሮይድ ሊቀመንበሩ ቢሮ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ አልቅሷል። ዕንባውን ከጠረገ በኋላም «ቋሚ አሰልጣኝ አድርጉኝ፤ የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በከተማው በኩል ካለው የግብ ቋሚ ሥር ሣሩን አትንቀሉት» ብሏል። ለምን ቢሉ፣ የሚስቱ የብሬንዳ አመድ የተበተነው እዚያ ነው። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት እዚያ ተንበርክኮ ያማክራታል፤ ማን እንደሚሰለፍና ማን እንደሚቀመጥ የምትነግረውም እሷ ናት።

ወሬው የተወለደው በማቪስ ሻይ ቤት ነው። እዚያ ያልተወለደ ወሬ እኛ ከተማ ውስጥ እንደ ወሬ አይቆጠርም። ያም ሆኖ መጀመሪያ ላይ ማናችንም አላመንነውም። የከበደን የአመዱ ነገር አይደለም። የብራክንሾው ሰው ሲሞት ይቃጠላል፣ አመዱም ሜዳው ላይ ይበተናል፤ ከመቃብር ቦታው ይልቅ ሜዳው ሥር ያለው ሕዝብ ይበዛል። አንድ ጊዜ የእንግዳው ቡድን አጥቂ በግንባሩ ተደፍቶ አፉን አፈር ሲሞላው፣ ከእኛው አንዱ፣ ሬጅ፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ «ቀስ ብለህ አላምጥ፣ አጎቴ አልበርት ናቸው!» ብሎ ጮኾበታል።

የከበደን ልመናው ነው። ኔቪል በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ማቪስን ስኳር ጨምሪልኝ ብሎ አያውቅም። ሻዩ ውስጥ ዝንብ ብትወድቅ ይቅርታ ጠይቋት የሚጠጣ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሊቀመንበር ፊት ቆሞ ሲለምን ማን ይታየዋል?

ኔቪል የተወለደው ከሜዳው ጀርባ ባለው መንገድ፣ ኳስ ሲለጋ መስኮት ከሚሰበርበት ቤት ነው። አባቱም አያቱም የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ነበሩ፤ እሱ ሊቆፍር ሲደርስ ጉድጓዱ ተዘጋ። ለክለባችን ለሮቨርስ አሥራ አንድ ጨዋታ ተጫወተ። በአሥራ ሁለተኛው ጉልበቱ ወደ ኋላ ታጠፈ፤ ድምፁ አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ ተሰምቷል፣ በበግ ሥጋ ቤቱ ፊት የቆሙ ሴቶችም አማትበዋል ይባላል። ከዚያ ወዲያ ትጥቅ ጠባቂ ሆነ። ማልያ አጠበ፣ ጫማ ጠገነ፣ የተሰበረ አፍንጫ አቃና፣ ከሽንፈት በኋላ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ለሚያለቅሱ ግዙፍ ሰዎች ፎጣ አቀበለ።

አሰልጣኝ እኛ ዘንድ እንደ ጉንፋን ነው፤ ክረምት ሲገባ ይይዘናል፣ በጋ ሲመጣ ይለቀናል። አንዱ ተባሮ ሌላው እስኪመጣ ድረስ ፊሽካው ለኔቪል ይሰጣል። መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት፣ ቀጥሎ ለአንድ ወር፣ ሦስተኛው ጊዜ ለአምስት ጨዋታ። በእያንዳንዱ ጊዜ አዲሱ ሰው ሲደርስ ኔቪል ፊሽካውን በሳሙና አጥቦ፣ በጨርቅ አድርቆ ያስረክባል፤ ከዚያም ሄዶ የአዲሱን ሰው ቱታ ያጥባል።

ክለቡ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ጥቁር የእንጨት ሰሌዳ አለ። የአሰልጣኞች ሁሉ ስም፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠሩ፣ በወርቅ ቀለም ተጽፎበታል። በዘጠኝ ቀን የተባረረው ሰው ሳይቀር አለ። ጊዜያዊ ግን አይጻፍም፤ ደንቡ ነው። ብሬንዳ በሕይወት ሳለች በዓመት አንድ ጊዜ ለገና ግብዣ ትመጣና ሰሌዳውን ሽቅብ አይታ «ኔቭ፣ አቧራውን የምትጠርገው አንተ፣ ስም የሌለህም አንተ» ትለው ነበር። እሱም «ቦታ አልቆ ነው» ይላት ነበር። ቦታውስ አላለቀም፤ ከታች በኩል ለስድስት ሰው የሚበቃ አለ።

አራተኛው ጊዜ ከዚያ መስከረም በፊት በነበረው ሐምሌ መጣ። ሮቨርስ ከታች አንደኛ ነበር፤ ከዚያ በታች የቀረው ሣሩና የሬጅ አጎት አልበርት ብቻ ነው። ያኔ የነበረው ጫማው የሚያብረቀርቅ አሰልጣኝ ተባረረ፣ ፊሽካው ለኔቪል ተሰጠ፣ አሥራ አንድ ጨዋታ ቀርቶ ነበር። ኔቪል ሰባቱን አሸነፈ። የመጨረሻውን ስናሸንፍና ከመውረድ ስንድን፣ ሬጅ ያለችውን አንዲት የፊት ጥርስ በደስታ ብርጭቆ ነክሶ ሰበራት።

ከዚያ ክርክሩ ተነሣ። የክለቡ ሢሶ የደጋፊዎች ነው፤ አሰልጣኝ ሲመረጥ በአዳራሹ እጅ እናወጣለን። ለኔቪል ወይስ ከአውስትራሊያ ሊመጣ ለተዘጋጀው ሰው? ስብሰባው ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የማቪስ ሻይ ቤት ለሁለት ተከፈለ። በአንድ ወገን ሬጅ፣ የድሮ ተጫዋች፣ ጆሮዎቹ እንደ ተጨመቀ ሎሚ የሆኑ፤ በሌላ ወገን ክላይቭ፣ ጡረታ የወጣ አውቶቡስ ነጂ፣ የእያንዳንዱን ጨዋታ ቁጥር በደብተር የሚጽፍ።

«ሰባት ከአሥራ አንድ!» ሬጅ ጠረጴዛውን ሲመታ ሹካዎቹ ዘለሉ። «ያ ባለ አንጸባራቂ ጫማ ስንት አሸነፈ? ሁለት! አንደኛውንም የእነሱ አውቶቡስ ተበላሽቶ በእግራቸው መጥተው ነው!»

«አራቱ በሜዳችን ነው» አለ ክላይቭ ደብተሩን እየገለጠ። «ሁለቱ ደግሞ የተጋጣሚው ቡድን ግማሹ በጉንፋን በተኛበት ሳምንት። አጣርተህ ካየኸው ኔቭ ያሸነፈው አንድ ተኩል ጨዋታ ነው።»

«ግማሽ ጨዋታ እንዴት ነው የሚያሸንፉት አንተ?»

«አርባ ዓመት አውቶቡስ ብትነዳ ይገባህ ነበር።»

«አንተ ስትነዳ የገባኝ ነገር ቢኖር ዘግይቶ መድረስ ነው!»

«ሬጅ ፍቅሬ፣ ጠረጴዛው ምን አደረገህ?» አለች ማቪስ። ማቪስ ሁሉንም ሰው «ፍቅሬ» ነው የምትለው፤ ፖስተኛውንም፣ የጤና ተቆጣጣሪውንም።

«አውስትራሊያዊው ሦስት ቡድን አሳድጓል» አለ ክላይቭ። «ኮምፒዩተር አለው። ተጫዋቹ ስንት እርምጃ እንደተራመደ ይቆጥርለታል።»

«ኔቭም የጫማ ብሎን መፍቻ አለው!»

እዚህ ላይ በሩ ተከፍቶ ኔቪል ገባ፤ ሁላችንም ባንድ አፍ ስለ ዝናብ ማውራት ጀመርን። መስኮቱ ሥር ተቀመጠ፣ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊቹን በላ፣ ከኪሱ ቀይ ደብተር አውጥቶ ጥቂት ጻፈና ወጣ። ደብተሩን ግን ሳህኑ ሥር ረስቶት ነበር።

ማቪስ አነበበችው። ማቪስ የተረሳ ነገር ማንበብን እንደ ከተማ አገልግሎት ነው የምታየው። ውስጡ የሚቀጥለው ዓመት ነበር፣ ሙሉው። ኅዳር ላይ ኮረብታው ላይ ሩጫ፣ አሥር ጊዜ። ታኅሣሥ ላይ የዘጠኝ ቁጥሩ ተጫዋች ግራ ትከሻ ለሐኪም ይታይ። የትኛው ልጅ ሲቆጡት እንደሚያኮርፍ፣ የትኛው ካልተቆጡት እንደሚተኛ። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ በማስመሪያ በተሰመሩ ሁለት መስመሮች መሐል፣ በሰሌዳው ዓይነት ፊደል ተሥሎ «ኤን. ኦልድሮይድ» የሚል ነበር። ከጎኑ ዓመቱ፣ ከዓመቱ ቀጥሎ ሰረዝ፤ ከሰረዙ ወዲያ ባዶ።

በኋላ ስትነግረን «ሰረዙን ሳይ ደብተሩን ዘጋሁት» አለች። ከመረጥነው በኋላ በሰው ፊት ልትሰጠው አስባ ሽርጧ ኪስ ከተተችው፤ በዕድሜዋም ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሳምንት ሙሉ ምሥጢር ያዘች። ያችን ሳምንት ምነው ባልያዘችው።

ሰኞ ዕለት ሬጅ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ኔቪል የግብ ቋሚው ሥር ተንበርክኮ ሲያጉረመርም አየ። መጥቶም ነገረን። ሬጅ ክፉ ሰው አይደለም፤ ለኔቪል አንድ እጅ እንኳ ቢጨምርለት ብሎ ነው። ማክሰኞ አመዱ ተጨመረ፤ ብሬንዳ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታልና ነገሩ ገጠመ። ሊቀመንበሩ ሚስተር ስታንስፊልድ ምንጣፍ ነጋዴ ናቸው፤ ሣሩን ነቅለው ፕላስቲክ ሊያነጥፉ ሜዳውን እንደ ሳሎን በሜትር ሲለኩ ታይተዋል፤ ስለዚህ ረቡዕ ልመናው ተጨመረ። ዕንባው የመጣው ሐሙስ ነው። ማን እንዳመጣው እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ ሁላችንም ግን ሻይ ይዘን እዚያው ነበርን።

ዓርብ ጠዋት ክላይቭ የቁጥር ደብተሩን ዘጋ።

«ቁጥር ቁጥር ነው» አለ አፍንጫውን እየጠረገ። «ሰው ደግሞ ሰው ነው። እጄን አወጣለሁ።»

«ሰባቱንስ አመንክ?» አለው ሬጅ።

«ኧረ ተወኝ በናትህ! አንድ ተኩል ነው። ግን ከሚስቱ ማን ይለየዋል?»

ሬጅ በደስታ ሻይ ጋበዘው። ድምፁ ተሟላ፤ አውስትራሊያዊው ባሕር ሳይሻገር ሰመጠ። ወሬውን ያላመንን ሰዎች ወሬውን ወደድነው፤ ሲወዱት ደግሞ ማመን ይቀልላል።

እሑድ እኩለ ቀን አዳራሹ ሞላ። ውጭ ዝናብ፣ ውስጥ የእርጥብ ካፖርትና የሥጋ ፓይ ሽታ። ኔቪል ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ ለሠርግ የሚለብሳትን ሰማያዊ ኮት ለብሶ ከኋላ ቆሟል፤ ሰሌዳው ከራሱ በላይ ነው። ሚስተር ስታንስፊልድ «አስተያየት ያለው» ከማለታቸው ክላይቭ ተነሣ።

አቤት አነጋገር! አርባ ዓመት ተሳፋሪ ላይ ሲጮህ ያጠራቀመውን ለስላሳ ድምፅ ሁሉ ያን ቀን አወጣው። «ጓዶች» አለ፣ «አንድ ሰው ሚስቱን ለዚህ ሣር ሰጥቷል። ይህን ሰው ከሣሩ ልንነቅለው ነው? ያሠለጥን አያሠለጥን ሌላ ነገር ነው። ብሬንዳ አጠገብ ይቆይ! ምናለበት ብናዝንለት?» ሴቶቹ አለቀሱ። የቀድሞ ተጫዋቾቹ ከሴቶቹ ይልቅ አለቀሱ። አንዱ ፓዩን እየበላ ስላለቀሰ ጨው አላስፈለገውም። ከእሱ ቀጥሎ አምስት ሰው ተናገረ፤ አምስቱም ስለ አመዱ ነው። ስለ ሰባቱ ድል አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ቃል አልተነፈሰም። ሬጅ እንኳ፤ እያጨበጨበ ነበር።

ኔቪል አንድ በአንድ ሲያየን ነበር። እያንዳንዱ ተናጋሪ ሲነሣ አንገቱን ቀና ያደርጋል፣ ሲቀመጥ ዝቅ ያደርጋል። አምስተኛው ሲቀመጥ ዝቅ አድርጎ ቀረ።

«እንግዲህ እጅ እናውጣ» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ይቅርታ» አለ ኔቪል። ድምፁን ለመስማት ወንበር መንቀሳቀስ ቆመ። «ብሬንዳ እዚያ የለችም።»

ሁላችንም ወደ ኋላ ዞርን።

«አልተቃጠለችም። ሳንድሆልም፣ ባሕሩ አጠገብ፣ ከእናቷ ጎን ነው የቀበርኳት። ድንጋይ አላት፤ ሄዳችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ዓርብ ቀን ነበር። እናንተ ለጨዋታ ፈረንሳይ ሄዳችሁ ነበር።»

እውነት ነው፣ ሄደን ነበር። ስምንት አውቶቡስ ሞልተን። ሌባ ቢመጣ ከተማው ውስጥ የሚያባርረው ሰው አልነበረም። ኔቪል ባልመጣበት በዚያ አንድ ጨዋታ፣ ፎጣ የሚያቀብል ጠፋ ብለን ስንቀልድ ነው የተመለስነው።

«የምንበረከከው የቋሚውን መከላከያ ፍራሽ ገመድ ልቋጥር ነው» አለ። «ከታች ነው የሚታሰረው። አንዱ ጉልበቴ በደንብ ስለማይታጠፍ ይቆይብኛል። የማጉረመርመው የአሥራ ሰባቱን ተጫዋቾች ስም ነው፤ እንዳልረሳ። ሚስተር ስታንስፊልድ ቢሮ አልገባሁም፤ አላለቀስኩም፤ ስለ ሣር የለመንኩት ነገር የለም። ፕላስቲክ ብታነጥፉ ማልያው ቶሎ ይጸዳል። ብሬንዳም ራግቢ አትወድም ነበር።»

«ኔቭ፣ ልጄ» አለ ሬጅ ተነሥቶ፣ ጆሮዎቹ ቀልተው፣ «ሰባት አሸንፈሃል እኮ! ሰባት—»

«አሁን ነው ትዝ ያለህ?» አለው ኔቪል። ቁጣ አልነበረበትም። ሬጅ ተቀመጠ።

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሚስተር ኦልድሮይድ፣ ታዲያ ሥራውን…»

«አልፈልግም። ጠይቄም አላውቅም።»

ማቪስ ያን ጊዜ በሰው መሐል እየተጋፋች ወደ ኋላ ሄደች። ከሽርጧ ኪስ ቀዩን ደብተር አውጥታ በሁለት እጇ ያዘችለት። «ኔቭ ፍቅሬ» አለች፣ «ይሄስ? እኔ ቤት ረስተኸው… ይሄ ያንተ አይደለም?»

ኔቪል ደብተሩን አየው። ከዚያ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ፣ በእጅጌው ጠርጎ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«የኔ አይደለም» አለ።