ሊማሊሞን በዘፈን የወረድን ዕለት

የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታ ታውቁት እንደሆነ አላውቅም። ከተቃጠለ ጎማም ከተቃጠለ ጨርቅም ይለያል፤ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ሽታ ነው። ባለፈው ሰሞን ዳባት፣ ከምሠራበት መድኃኒት ቤት በር ላይ ቆሜ ሳለ አንድ የጭነት መኪና ከፊቴ ቆመና ያ ሽታ መጣ። ሹፌሩ ወርዶ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገና ሻይ ሊጠጣ ገባ። እኔ ግን የያዝኩትን ትቼ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ "አመመሽ እንዴ?" አለችኝ። አላመመኝም። እንዲያውም ውስጤ ደስ ብሎት ነበር። ያንን ግን ለእሷ በምን ላስረዳት?

ያንን ሽታ መጀመሪያ ያወቅሁት ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የመንደራችን ትምህርት ቤት ከስምንተኛ ስለማያልፍ ደባርቅ፣ የእናቴ ወንድም ቤት ተቀምጬ ነበር የምማረው። አጎቴ ከደባርቅ አዲ አርቃይ፣ አንዳንዴም ወደ ጎንደር የሚሠራ ያረጀ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው። ቤት ሲገባ እግሩን ይታጠባል፣ እራቱን ይበላል፣ "ተመስገን" ይልና ይተኛል። የሚስቃትም የሚያወራትም ነገር ካለች አውቶቡሱ ውስጥ ነች፤ ያውም ቴፑ ሲከፈት።

የካሴቶቹ ነገር እንዲህ ነው። ሳንቃ በር እየኖረ ስለ ዋልያ የሚያጠና አንድ ፈረንጅ ነበር። ጎንደር በወረደ ቁጥር የአጎቴ አውቶቡስ ላይ፣ ከፊት ወንበር ይቀመጣል። የሚግባቡበት ቋንቋ ስለሌላቸው መንገዱን ሁሉ ዝም ተባብለው ነው የሚሄዱት፤ በዚያው ተዋደዱ። ሰውዬው ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት ለአጎቴ ሰጠው። እኛ ሳንወለድ የገነኑ የሮክና የፖፕ ዘፋኞች ናቸው፤ ፈረንጁ በገዛ እጁ እየቀዳ ያጠራቀማቸው። ካርቶኑ ከመስታወቱ ሥር ፀሐይ ሲመታው ከርሞ፣ ካሴቶቹ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ስም ሁሉ ለቀቀ። ማን ማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ።

አንድ ቅዳሜ አጎቴ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ።

"አንቺ ተማሪ ነሽ። እስቲ እነማን እንደሆኑ ለዪልኝ።"

"ጋሼ፣ እኔ ምኑን አውቄው?"

"ጆሮ አለሽ አይደል?"

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት የኔ ሥራ ያ ሆነ። አውቶቡሱ ከግቢው በር ፊት ለፊት ይቆማል፤ ረዳቱ፣ ፂሙ የሸበተ ትልቅ ሰው፣ ከውጭ በባልዲ ውሃ እየደፋ ያጥበዋል። እኔ ከሹፌሩ አጠገብ፣ የሞተሩ ክዳን ላይ እቀመጣለሁ። ክዳኑ ገና አይበርድም። ወንበሮቹ ሳምንቱን ሙሉ የጫኑት ሰው ሽታ አለባቸው፤ የበግ ፀጉር፣ ጋዝ፣ የእርጥብ ጋቢ ሽታ። ፀሐይዋ በአቧራማው መስታወት ገብታ ቢጫ ትሆናለች። በዚያ ውስጥ ቁጭ ብዬ የማላውቃቸውን ሰዎች እሰማለሁ።

እንግሊዝኛዬ ዘፈን የሚያስይዝ አልነበረም። ስለዚህ የለየኋቸው በድምፃቸው ነው። የአጎቴ ሚስት ከምትጠልፍበት ክር ትንሽ ትንሽ እየቆረጥኩ ካሴቶቹ ላይ አሰርኩ። ጉሮሮው የሻከረው ሰውዬ ቀይ ክር ሆነ። ድምፃቸው እንደ አንድ ቤት ልጆች የሚገጥመው ወጣቶች ሰማያዊ። ፒያኖ እየመታች እያለቀሰች የምትመስለው ሴት አረንጓዴ። ክር ያለቀባት የአጎቴ ሚስት "አይጥ ክር ይበላል እንዴ?" ስትል አጎቴ ራሱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ቀይ ክር ብዙ አስቸግሮኛል። በአንዳንዱ ካሴት ጊታር ብቻ ይዞ የሚዘፍን፣ ድምፁ ቀጭን፣ የቸኮለ ወጣት አለ። በሌላው ደግሞ ከበሮና ኤሌክትሪክ ጊታር ከኋላው አሰልፎ የሚጮህ፣ ደረቱ የሚያፏጭ ጎልማሳ። ሁለት ሰዎች አድርጌ ነበር የለየኋቸው። አንድ ቅዳሜ የወጣቱን ስሰማ ቃሉን ሊጨርስ ሲል መጨረሻዋን ዋጥ አደረጋት፤ ሰው የሚያፍርበትን ነገር ሲናገር እንደሚያደርገው። ጎልማሳውም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው! ካሴቶቹን እየቀያየርኩ ደጋግሜ ሰማሁ። አንድ ሰው ናቸው። ሰውዬው ካርቶኑ ውስጥ አርጅቷል።

ሮጬ ሄጄ ለአጎቴ ነገርኩት። ሰምቶ ሰምቶ፣ "ድምፁን እንዲህ ያሻከረው ምን ይመስልሻል?" አለኝ።

"ዕድሜ ነው ጋሼ።"

"ዕድሜ ብቻ አይደለም። ብዙ መንገድ ሄዷል" አለና አቧራ የጠጣ ጉሮሮውን ጠረገ።

ባለ ሰማያዊ ክሮቹ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ካሴቶች እያጨበጨቡ፣ እየሳቁ የሚዘፍኑ ልጆች ናቸው። በኋላ በኋላ ግን ነገራቸው ተለወጠ፤ ቫዮሊን ገባ፣ የሰው ሹክሹክታ ገባ፣ አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ሌላው ላዩ ላይ ይጀምራል፤ አንድ ቦታ ላይ ሙዚቃው ወደ ኋላ ይሄዳል። ቴፑ የተበላሸ መስሎኝ ሬዲዮ ጠጋኙ ዘንድ ወሰድኩት። ጠጋኙ ፈቶ፣ አይቶ፣ መልሶ ገጥሞ፣ "ቴፑ ጤነኛ ነው። ያበዱት ሰዎቹ ናቸው" አለኝ።

ወደዚያች ቀን ልምጣ። ትምህርት ቤት የተዘጋበት ሰሞን ነው። የአጎቴ ሚስት እህት አዲ አርቃይ ወልዳ ስለነበር፣ የገንፎ እህልና ቅቤ እንዳደርስ ተላክሁ። ጠዋት፣ ጤዛው ሳይረግፍ ነው የተነሳነው። አውቶቡሱ ጢም ብሏል። ጣሪያው ላይ በግ አለ፣ ጆንያ አለ። ከአጎቴ ጀርባ ወደ ድብ ባሕር የሚወርዱ አንድ ሽማግሌ ቄስ ጥላቸውን ጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። ከእሳቸው አጠገብ ዶሮ ያቀፈች ሴት አለች። እኔ እንደልማዴ የሞተሩ ክዳን ላይ ነኝ፤ ካርቶኑም ቴፑም አጠገቤ።

ቀይ ክር እየዘፈነ ነበር፤ ጎልማሳው።

"አንተ ሹፌር" አሉ ቄሱ፣ "ይኼ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?"

"ልቡ ተሰብሮ ይመስለኛል፣ አባ።"

"ታዲያ የሚያጽናናው ዘመድ የለውም?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። አጎቴም ፈገግ አለ።

ሊማሊሞን የወረደ ያውቀዋል። መንገዱ ገደሉን ይዞ እየተጣጠፈ ይወርዳል፤ በአንድ በኩል አለት፣ በሌላው በኩል ሰማይ ነው። ጥቂት እንደወረድን ያ ሽታ መጣ። አጎቴ እግሩን ፍሬኑ ላይ ጫን ሲያደርግ አየሁት። አነሳው፣ ደግሞ ጫነው። ፊቱ አልተለወጠም፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ብቻ ተገተረ።

"ሸተተሽ?" አለኝ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ፍሬኑ አልይዝ እያለ ነው።"

ሐሳቡን እንዳይበታትንበት ብዬ ቴፑን ልዘጋ እጄን ዘረጋሁ።

"አትንኪው!" አለ። "እሱ ዝም ካለ ሁሉም ይሰማል። ከሰሙ ይነሳሉ፤ ወደ በር ከተጋፉ ደግሞ አለቀልን። ዘፈኑ እንዳይቋረጥ። አደራ።"

ወደ ታችኛው ማርሽ መለሰው። ሞተሩ ተንገበገበ። ረዳቱ ምንም ሳይባል ገብቶት፣ ጎማ ሥር የሚጣለውን የእንጨት ታኮ አንስቶ በሩ ላይ ቆመ። እኔ ካሴቱን አየሁ። ጥቅልሉ ሊያልቅ ነው።

ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት ምን ያስባል ትሉ ይሆናል። እኔ ያሰብኩት ስለ ካሴት ነው። አረንጓዴዋ ሴት አትሆንም፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው፤ የሞተሩን ጩኸት አትሸፍንም። የወጣቱ ቀይ ክር በየዘፈኑ መሐል ረጅም ዝምታ አለበት። አንዱ ዘፈን ሌላው ላይ የሚጀምርበት፣ ጠጋኙ ያበዱ ናቸው ያለው ያ ሰማያዊ ነው የሚያዋጣው። ካርቶኑን በርብሬ አገኘሁት። ሳገኘው ግን ቀይ ክር ጨርሶ፣ ቴፑ ቀጭ አለ።

ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የጎማው ሲጥሲጥታና የሞተሩ ጣር ወለል ብሎ ተሰማ።

ዶሮ ያቀፈችው ሴት አንገቷን አቀናች። "ምንድን ነው እሱ?"

ካሴቱ አልገባ አለኝ። ምን እንደገፋኝ እንጃ፣ አፌን ከፍቼ እኔው መዝፈን ጀመርኩ። የቀይ ክርን ዘፈን፣ ባልገባኝ እንግሊዝኛ፣ ሳንባዬ እስኪወጣ። ቃል የምትመስል ቃል አልነበረችበትም። አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ።

"እሷም ልቧ ተሰበረ!" አሉ ቄሱ።

በሳቁ መሐል ካሴቱ ገባ። ከበሮውና ጊታሩ በአንድ ላይ ፈነዱ፤ ድምፁን እስከ ጥግ አዞርኩት። አጎቴ አንድ መታጠፊያ ዞረ፤ በገደሉ ጫፍ በኩል ጠጠር ሲረግፍ ታየኝ። ሌላ ዞረ። ከዚያ መንገድ ሠሪዎች ጠጠር የከመሩበት ቦታ ከአለቱ ሥር ብቅ አለ። መሪውን ወደ አለቱ ጠመዘዘው። ጎማው ቦዩ ውስጥ ገባ፤ የአውቶቡሱ ጎን አለቱን እየፋቀ፣ እየጮኸ ሄደ፤ አፍንጫው ጠጠሩ ውስጥ ተቀበረና ቆመ። ረዳቱ ዘሎ ታኮውን ከጎማው ሥር ሸጎጠ።

"ጎማ ነው እንዴ የፈነዳው?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ወርዳችሁ ትንሽ ዕረፉ" አለ አጎቴ። "ቀስ ብላችሁ።"

ወረዱ። የሚጨሰውን ጎማ አዩ። ከዚያ ማዶ ያለውን ገደል አዩ። ዶሮዋን የያዘችው ሴት መጀመሪያ እልል አለች፤ ተከትለው ሌሎቹ። መሬት የሳመ አለ፣ የማያውቀውን ሰው ያቀፈ አለ። በጎቹ ከጣሪያው ላይ ይጮኻሉ። ከአለቱ አናት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ቁጭ ብለው ይመለከቱናል። ዳገቱ ጦስኝ ጦስኝ ይሸታል፤ ጦስኝ እንዲያ ሸትቶኝ አያውቅም።

አጎቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ረዳቱ ውሃ ሰጠው፤ ጠርሙሱን መያዝ አቃተው። እኔ ያዝኩለት። ጠጣ፣ አየኝና ሳቅ ጀመረ። ሆዱን ይዞ፣ እንባው እየወረደ። "እንደዚያ ያለ እንግሊዝኛ" ይላል፣ መጨረስ አቅቶት እንደገና ይስቃል። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ወደ ልቅሶ ሲለወጥብኝ ራሴን ደረቱ ላይ አስደገፈው። አጎቴ እንደዚያ ሲያቅፈኝ የመጀመሪያው ነው።

ቄሱ ጥላቸውን ተመርኩዘው መጡ።

"ልጄ፣ ታውቂ ነበር?"

"አዎ፣ አባ።"

"እያወቅሽ ነው የዘፈንሽው?"

"አዎ።"

መስቀላቸውን አውጥተው ግንባሬን፣ ከንፈሬን አሳለሙኝ። ሊሄዱ ዘወር አሉና ተመለሱ። "ያ የመጀመሪያው፣ የሚጮኸው ሰውዬ፣ ስሙ ማን ነው? በጸሎት ላስበው።"

"አላውቀውም፣ አባ። ጽሑፉ ጠፍቷል።"

"ጠይቀሽ ድረሽበት" አሉኝ፣ ሥራ እንደሚያዝ ሰው።

ያን ቀን አንድም ሰው አልተጎዳም። አንድ ጭነት መኪና ሴቶቹንና እኔን ጭኖ አወረደን፤ አራሷ ገንፎዋን በላች። አጎቴ ፍሬኑን አሠርቶ ከዚያም በኋላ ብዙ ነዳ። ዛሬ ጡረታ ወጥቶ ደባርቅ ጓሮው ውስጥ ድንች ይኮተኩታል፤ አንድ ጆሮው ደከም ብሏል።

የሰውዬውን ስም ያወቅሁት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው፤ የዶርሜ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ድንገት ድምፁን ሰምቼ "ማነው?" ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ወዲያ ሥራዎቹን በዓመታቸው ተራ፣ ከቀጭኑ ወጣት እስከ ሽማግሌው፣ አንድ በአንድ ሰማኋቸው። የማላውቀው ሰው ሲያረጅ እንደገና አየሁ። እንዲሁ የሰማያዊዎቹንም። ወንድማማቾች አልነበሩም፤ ያ ወደ ኋላ የሚሄደው ሙዚቃም ሆን ብለው ያደረጉት ነው።

ለዕረፍት መጥቼ ስመለስ፣ ደባርቅ መናኸሪያ ቄሱን አየኋቸው። በጣም አርጅተው፣ አንዲት ልጅ እየመራቻቸው ነበር። ሮጬ መስቀል ተሳለምኩና ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

"አገኘሽው?" አሉኝ ወዲያው።

ስሙን ነገርኳቸው። ጆሯቸውን አቀረቡ፤ ደግሜ ነገርኳቸው። የፈረንጅ ስም ነው፤ አፋቸው ላይ ተሰባበረ። እንደገና ሞከሩት። የምሳፈርበት መኪና ጡሩምባውን ነፋ፤ ተሰናብቼ ገባሁ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ አላገኘኋቸውም፤ ማረፋቸውን የሰማሁት በወሬ ነው። መኪናው ሲንቀሳቀስ ግን ቄሱ እዚያው ቆመው ነበር፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንዳይጠፋቸው፣ ከንፈራቸው ያንን ስም ቀስ እያለ ይሞክረው ነበር።