አከራዬ የኮሌራን ዘር ሲቆጥሩ

ሰበታ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት፣ ሰፈርተኛው ኦቦ እያለ፣ እኔ ደግሞ አባባ እያልኩ የምንጠራቸው ሽማግሌ፣ ሥራዬን ለእንግዳ የሚያስተዋውቁበት የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። “ይቺ ልጅ የሰው ሰገራ ታነባለች” ይላሉ። “ያውም ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተምራ!”

ውሸት ነው አይባልም። አዲስ አበባ በሚገኝ ላቦራቶሪ ውስጥ ከታማሚዎች ናሙና የሚወጣውን ባክቴሪያ ዘረመል አነባለሁ።

አንድ ክረምት በሽታው እኛው ሰፈር ገባ። መሥሪያ ቤቱ ሕዝቡ እንዳይደነግጥ “አተት” ይለዋል፤ እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ኮሌራ እንለዋለን። አባባ ሱሉልታ ሰርግ ውለው በተመለሱ በሦስተኛው ቀን፣ ከሁሉም ቀድመው ታመሙ። ጤና ጣቢያ ሁለት ቀን ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ዳኑ። ጉልበታቸው ገና ሳይመለስ ግን ጥፋተኛውን አግኝተው ነበር፦ ላይ ሰፈር አዲስ ቤት ሠርተው የገቡት ጡረተኛ ሾፌር።

“የሳቸው ሽንት ቤት ነው ወደ ምንጫችን የሚወርደው!” ብለው ዕድር ላይ ተናገሩ። ከሳምንት በኋላ የሾፌሩ ባለቤት ሲታመሙ ሰዉም አመነ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሰላምታ አቆሙ።

ማታ ከሚኒባስ ወርጄ ገና በሩን ስገፋ አባባ ይጠይቁኛል። “ማሽንሽ ተናገረ?”

“ገና ነው አባባ።”

“ምን ያንተባትበዋል? ሾፌሩ ነው በይና ገላግይው!”

ናሙናዎቹ በቁጥር እንጂ በስም አይመጡም፤ የሚታወቀው ሰፈሩና ሰው የታመመበት ቀን ብቻ ነው። ውጤቱ ሲደርስ የሰፈራችን ጤና ባለሙያ በሽታው ከላይ ሰፈር እንዳልመጣ ለዕድሩ አስረዳች። አባባ ግን አልተዋጠላቸውም። እሁድ ጠዋት ግቢው ውስጥ አስቀመጡኝ።

“ባክቴሪያ እንዴት አድርጎ ነው አገሩን የሚናገረው?”

“ሲራባ ጽሑፉን ለልጁ ይገለብጣል። አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይሳሳታል። ስህተቷ ለልጅ ልጁም ትተርፋለች። ስህተታቸው አንድ የሆኑት ቅርብ ዘመዳሞች ናቸው።”

ሳቁ። “ሰባት ቤት መቁጠር ነዋ! እኛስ ለጋብቻ የምንቆጥረው ይሄንኑ አይደል? በይ ቁጠሪልኝ።”

በከዘራቸው መሬት ላይ ጫርኩላቸው። “ይሄ በሰርጉ ሰሞን ሱሉልታ ከታመሙት የተገኘው ነው። የእኛ የታች ሰፈሩ እሱው ሆኖ አንድ ስህተት ጨምሯል። የላይ ሰፈሩ ደግሞ የእኛን ስህተት ይዞ ሌላ ጨምሯል።”

“ስለዚህ የላይ ሰፈሩ የልጅ ልጅ ነው። አባትየው የታች ሰፈሩ፣ አያትየው…” ከዘራቸውን ተቀበሉኝ። “ውሃ ሽቅብ አይፈስማ!”

“ውሃው አይፈስም። ሰው ግን ይወጣል፤ በእጁም በምግቡም ይዞት። ደግሞ ማሽኑ ማን ከማን እንደያዘ አያውቅም።”

“እኔ አውቃለሁ” አሉ ዝግ ብለው። “ከሰፈራችን ሱሉልታ የሄድኩት እኔ ብቻ ነኝ።” ፊታቸው ላይ ሐዘን አየሁ። ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

በማግስቱ ማለዳ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው በሬን አንኳኩ። “ተነሽ፣ ምስክር ትሆኚኛለሽ።”

ላይ ሰፈር ስንደርስ ሾፌሩ በር ላይ ቆመው ነበር።

“አከም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ” አሉ አባባ፣ አንገታቸውን ደፍተው። “ከሽንት ቤትዎ ጋር ልታረቅ መጥቻለሁ።”

ሾፌሩ በሩን ሳይለቁ ጠየቁ። “እኔስ?”

“ከእርስዎም ጋር። ስምዎን ያጠፋሁት ዕድር ፊት ነው፤ እዚያው ቆሜ እመልሳለሁ።”

“እንግዲያው መጀመሪያ ተከሳሹን ይዩት” ብለው ወደ ጓሮ መሯቸው። ሽንት ቤቱ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው፤ በሩ ላይ የእጅ መታጠቢያ ጀሪካንና ሳሙና አለው። አባባ ዞር ዞር ብለው አዩት።

“ከእኔ ሳሎን ይሻላል” አሉ። የሾፌሩ ባለቤት፣ ገና አቅም ያነሳቸው፣ በመስኮት ሆነው በሳቅ ፈረሱ።

ከዚያ ሁለቱ ተያይዘው ምንጩ በየት በኩል መታጠር እንዳለበት ለማየት ቁልቁል ወረዱ። መሃል መንገድ ላይ ሳይደርሱ መጨቃጨቅ ጀመሩ። እኔም ሥራ ረፍዶብኝ ስለነበር ጥያቸው ወደ ሚኒባስ ሮጥኩ።