አለቃና ሶፋው

ኤክሃርት ቮልኒክ ሶፋ በሌለው ሳሎን ውስጥ ስምንት ዓመት ኖሯል። ሶፋው የነበረበትን ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ የያዘው ትልቅ የመስታወት ገንዳ ነው። ገንዳው ውስጥ ከብራዚል ወንዝ የመጡ፣ ክንድ የሚያህሉ፣ ጀርባቸው እሾህ የለበሰ ሁለት አምባዛዎች አሉ። እንግዳ ሲመጣ ሚስቱ ሮስቪታ የወጥ ቤት ወንበር ታወጣለች። እንግዳውም ወንበሩ ላይ ሆኖ ቢያፈጥ ቢያፈጥ ከአንድ ጭራ በቀር ምንም አያይም፤ አምባዛዎቹ ቀን ቀን ከጎሬያቸው ንቅንቅ አይሉም።

ወንዱን አሳ ኤክሃርት «አለቃ» ብሎታል። ኤክሃርት ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ሲሠራ የነበረው አለቃም እንደዚሁ ፊቱን አጨፍግጎ፣ ሳይናገር ሰው የሚያንቀጠቅጥ ነበር። ሴቷ ፍሪዳ ትባላለች። እነዚህ ሁለቱ፣ ጀርመን አገር፣ ሄርነ ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በራሱ ሳሎን ጫጩት ቢፈለፍሉለት ኤክሃርት ከዚህ ዓለም ሌላ የሚጠይቀው ነገር የለም።

አንዴ ለዚህ ሊደርሱ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ፍሪዳ ጎሬ በሆናቸው የሸክላ ቱቦ ውስጥ እንቁላሏን ጥላ ወጣች፣ አለቃ ደግሞ ቱቦው ውስጥ ገብቶ እንቁላሉ ላይ ተኛ። እንዲህ ያለ አባት እንቁላሉን በክንፉ እያራገበ ይጠብቃል፤ ብርሃን ያየ እንደሆነ ግን ይደነግጥና ሁሉንም ጠርጎ ይጥለዋል። ይህን ከኤክሃርት የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ግን አላስቻለውም። የእጅ ባትሪውን ይዞ፣ «አንዴ ብቻ» ብሎ አበራ። አለቃም እንቁላሉን በጭራው ጠርጎ አወጣው። ኤክሃርት ያን ቀን እራት አልበላም።

ዘንድሮ ሮስቪታ ቁርጡን ነገረችው።

«እስከ ኦገስት አጋማሽ። ጫጩት ካላየሁ ገንዳው ይወጣል፣ ሶፋው ይገባል። አረንጓዴ ነው። አዝዣለሁ።»

«ሳትነግሪኝ?»

«አንተስ አሳዎቹን ስታመጣ ነግረኸኝ ነበር?»

ኤክሃርት «እሺ» ብሎ ቃሉን ሰጠና ሥራውን ጀመረ። በመጀመሪያ ገንዳው ውስጥ በጋ አደረገ። ውኃውን እያጎደለ፣ እያሞቀ፣ የሚወዱትን ዱባ እየቀነሰ ሁለቱንም በወንዛቸው እንዳሉ አስጠማቸው። የቀረው እንቁላል የሚጥሉበት ክረምት ነበር። ክረምት ደግሞ ባልዲ ውኃ ስለደፉበት ብቻ አይመጣም፤ ከውጭ እውነተኛ ነጎድጓድ ሊኖር፣ አየሩ ሊከብድ ይገባል። አሳው ያውቃል። ስለዚህ ኤክሃርት ሰማይ ሰማይ እያየ ሰነበተ። ጁላይን ሙሉ ግን አንዲት ደመና ዝር አላለችም።

በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ትንሽ ጎጆ ባለበት የአትክልት ቦታ፣ ርግብ አርቢው ጎረቤቱ ሎታር ልደቱን ሲያከብር ኤክሃርት ቋሊማውን በሹካ እንደወጋ ቀጥ አለ።

«ጉልበቴ» አለ።

«አመመህ?» አለው ሎታር።

«አመመኝ! ተመስገን!»

ያ ጉልበት ጉድጓድ ውስጥ የተሰበረ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ከማንም ቀድሞ ይናገራል። ኤክሃርት ቋሊማውን ጥሎ፣ ካለፈው ዝናብ የተጠራቀመ ውኃ ወዳለበት በርሜል ሮጠ። አምባዛዎቹ የሚፈልጉት እንዲህ ያለ ለስላሳና ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ሁለት ባልዲ ይዞ እያነከሰ መንገዱን ሲሻገር ያየው ሎታር ራሱን ነቀነቀ።

«ርግብ ብታረባ ኖሮ እነሱ ራሳቸው በርረው ይወጡልህ ነበር» አለና እሱም ባልዲ አነሳ። ከዚያ የልደቱ እንግዳ በሙሉ ብድግ አለ። ከበርሜሉ እስከ ሦስተኛው ፎቅ ድረስ ተሰልፈው ባልዲ ሲቀባበሉ መብረቁ በረቀ። ሮስቪታ መወልወያዋን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ምንጣፌን!» አለች። ሎታር ባልዲውን አቀበላት። ምን ታድርግ፣ ተቀበለች። ኤክሃርት ወንበር ላይ ወጥቶ በአትክልት ማጠጫው ውኃውን እንደ ዝናብ ሲያዘንበው፣ ፍሪዳ ቀን መሆኑን ረስታ ከጎሬዋ ወጣችና ገንዳውን ትዞረው ጀመር። ኤክሃርት እንዳይጮህ አፉን በእጁ ያዘ።

በማግስቱ ጠዋት አለቃ ቱቦው ውስጥ ነበር። በሩን በጭራው ዘግቶ ያራግባል። የፍሪዳ ሆድ ጎድሏል። ኤክሃርት ደስታው ልቡን ሊያፈነዳው ደረሰና ቀጥታ ወደ ኩሽናው መሳቢያ ሄደ። ባትሪው የለም።

«ሮስቪታ፣ ባትሪውን የት አደረግሽው?»

«ከእጅህ የራቀ ቦታ።»

«አንዴ ብቻ። መኖሩን ላረጋግጥ።»

«ሽማግሌው፣ ልጃችን ኡተ ስትወለድ ፈረቃ ላይ ነበርክ። ሳታይ አላደገችም?»

ይቺ ነገር ወጋችው። ልጁ የተወለደች ቀን አንድ ቶን ከሰል ከእሷ በልጦበት ነበር፤ ሮስቪታም ይህን በዓመታት ውስጥ አንዴ እንኳ አንስታ አታውቅም። መሳቢያውን ዘግቶ ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ገንዳው በአልጋ ልብስ ተሸፈነ፣ ሬዲዮ ተዘጋ፣ ሁለቱም በካልሲ መሄድ ጀመሩ። ኤክሃርት ቤት ውስጥ መቀመጥ አቅቶት ከሎታር ርግቦች ጋር ሲውል፣ ሮስቪታ የምትልጠውን ድንች ይዛ ሳሎን ትገባ ጀመር። ስትገባ ስትወጣ የአልጋ ልብሱን ጫፍ ገለጥ ታደርጋለች። ለእሱ ግን አንድም ቃል አትተነፍስለትም።

ሶፋው የሚመጣበት ቀን ደረሰ። ኤክሃርት ቃሉን ሰጥቷልና ኩሽና ውስጥ ተቀምጦ ቡናውን ሳይጠጣ ጠበቀ። ደረጃው ላይ የሚያንኳኳ ኮቴና የሁለት ተሸካሚዎች እርግማን ሲሰማ ስኒውን ከፊቱ ገፋ። ሶፋው ገብቶ ገንዳው ከተነቃነቀ አለቃ ያለውን ሁሉ እንደሚጠርገው ያውቃል። ሆኖም አልተነሳም።

ደወሉ ተደወለ። ሮስቪታ በሩን ገርበብ አድርጋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ቀስ በሉ። ቤት ውስጥ አራስ አለ።»

«ታዲያ ሶፋውን የት እናስቀምጠው፣ እሜቴ?» አለ የፊተኛው፣ ላቡን እየጠረገ።

«ከመንገዱ ማዶ፣ የአትክልቱ ጎጆ ውስጥ።»

«ሦስት ፎቅ ከተሸከምነው በኋላ?»

«ሲወርድ ይቀላል» አለችና በሩን ዘጋች።

ኤክሃርት የኩሽናው በር ላይ አፉን ከፍቶ ቆሞ ነበር። ሮስቪታ እጁን ይዛ ወደ ሳሎን ወሰደችውና የአልጋ ልብሱን ጫፍ ቀስ አድርጋ ገለጠች። ከመስታወቱ ላይ፣ ጥፍር የማያህሉ፣ ጀርባቸው እሾህ ማውጣት የጀመረ ጫጩቶች በአፋቸው ተጣብቀዋል። ከቱቦው አፍ ደግሞ ሌሎች እየተጋፉ ይወጣሉ፤ አለቃ ከኋላቸው ፊቱን እንዳጨፈገገ ነው።

ኤክሃርት በተሰበረው ጉልበቱ ተንበረከከ። አፍንጫውንም ወደ መስታወቱ አስጠጋ።

«ቀስ ብለህ እይ» አለችው ሮስቪታ የወጥ ቤቱን ወንበር እያስጠጋችለት። «ዛሬ ፈረቃ የለህም።»