ጧፉ ቀጥ ብሎ የቆመበት ቤት

ሰው በገንዘቡ የመቃብር ቦታ ሲገዛ ሰምቻለሁ። በየቅዳሜው እየተጋ፣ በገዛ መዶሻው፣ አባቱን ጭምር የሚይዝ መቃብር የሠራ ቂል ግን ከእኔ ሌላ አላውቅም። ያውም ሠርቼ ስጨርስ ጎረቤት ጠርቼ አስጎብኝቻለሁ።

ነገሩ የጀመረው መኪና ሳይኖረን ለመኪና ቤት በመሥራታችን ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ይህን ግቢ ስንሠራ ባለቤቴን «መኪናው አይቀርም፣ ቤቱ ይቅደም» አልኳት። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ፣ ትልቅ የላሜራ በር ያለው ጋራዥ ቆመ። መኪናው ቀረ። ጎረቤቶቼ ለዓመታት «መኪናው ጫጫ ከተማ ደርሷል አሉ!» እያሉ ሳቁብኝ። እኔም «ጎማው ተንፍሶ ነው» እያልኩ አብሬ ሳቅሁ። ጋራዡ ውስጥ የገባው ያረጀ ፍራሽ፣ ባዶ ጀሪካንና የእኔ የእንጨት ሥራ ነው። የእንጨት ሥራ ስል አትደንግጡ፤ አዘቦቱን ቢሮ ውዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ዱካ እሠራለሁ። ባለሦስት እግር ዱካ የትም ቢያስቀምጡት አይወላገድም ይባላል። የእኔ ይወላገዳል።

ከዚያ እናቴ ሞተችና አባቴን ከአንኮበር አመጣኋቸው። በመጡ በዓመቱ ብርድ ሳንባቸውን መታቸው። ሆስፒታል ተኝተው ሲወጡ ሐኪሙ ወደ ጎን ጠራኝና «ከብርድ ጠብቃቸው። ሌላ እንዲህ ያለ ቢመታቸው የሚችሉት አይመስለኝም» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍርሃት ቤቴ ገባ። ጠዋት ከመኝታ ስነሳ መጀመሪያ የማደርገው በራቸው ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ሳላቸውን ማዳመጥ ሆነ። ደረቅ ከሆነች ተመስገን፤ ከወፈረች ቁርሴ አይወርድልኝም።

አባቴ ደግሞ ብርድ ልብስ ተከናንበው ቤት የሚውሉ ሰው አይደሉም። አገራቸው ሳሉ ሞፈርና ቀንበር ጠራቢ ነበሩ። የመጋዝ ድምፅ ከሰሙ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ጋራዥ ነው። ያ ጋራዥ ደግሞ ብርድ ራሱ ተከራይቶ የሚኖርበት ቤት ነበር። በኅዳርና በታህሣሥ ጠዋት ቆርቆሮው በውስጥ በኩል ውርጭ ያበቅላል፤ ፀሐይ ሲነካው ይቀልጥና አናታችን ላይ ይንጠባጠባል።

«ቤት ይግቡ አባዬ፣ እባክዎ» ስላቸው፣

«ቤት ገብቼ ከማን ጋር ልጣላ?» ይሉኛል። ከዚያ ይስላሉ።

ካልገቡልኝ ጋራዡን ላሙቅላቸው ብዬ ተነሳሁ። ባለቤቴ ሐሳቤን ስትሰማ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና «ዱካ ማቆም ያቃተው ሰው ቤት ሊያሞቅ!» አለች። ግን ገበያ ሄዳ የብርድ ልብስ ቁርጥራጭ በጥቅል በጥቅል ያመጣችልኝ እሷው ናት።

ጭድ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጠቅጥቄ ቆርቆሮው ላይ ደረደርኩ፤ በላዩ ብርድ ልብሱን፣ በብርድ ልብሱ ላይ ቺፕውድ መታሁ። ከላይ ኮርኒስ አደረግሁ። ትልቁን የላሜራ በር እስከ መጨረሻው ደፍኜ፣ ሰው የሚያሳልፈውን ትንሹን በር ብቻ ተውኩ። እሱንም ዙሪያውን የመኪና ከመነዳሪ እየቆራረጥኩ ጎማ አለበስኩት። ሲዘጋ «ጵስ» ይላል። ሲከፈት ግን ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ እግርን ተክሎ፣ ወደ ውስጥ መሳብ ይፈልጋል። ያን ሳይ ጉድለት አልመሰለኝም፤ ኮራሁበት። መስኮቱ ላይ ወፍራም ላስቲክ በሚስማር ወጠርኩ።

ዕቃዬንም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥርዓት አስያዝኩት። እያንዳንዱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ዙሪያውን በእርሳስ ሣልኩና መስቀያ መታሁለት። መዶሻው በመዶሻ ሥዕል ላይ፣ መጋዙ በመጋዝ ሥዕል ላይ። ባለቤቴ ቆማ አየችና «ለእኔም ሣልልኝ፤ ስጠፋ ቦታዬ ባዶ መሆኑን እንድታይ» አለች።

ቀዳዳ የማደኑን ሥራ የያዙት አባቴ ናቸው። ጧፍ ያበሩና በግድግዳው ጥግ ጥጉን ይዘው ይሄዳሉ። ነፋስ የምትገባበት ጋ ሲደርሱ ነበልባሉ ያጋድላል።

«ያዝኳት! እዚህች ጋ ናት! ቶሎ በል፣ ሳታመልጥ!»

እኔ ጭቃና ጨርቅ ይዤ እሮጣለሁ። እንዲያ ሲስቁ እናቴ ከሞተች ወዲህ አላየሁም። የመጨረሻዋን ቀዳዳ፣ ከኮርኒሱ ሥር የነበረችውን፣ ራሳቸው አሮጌ ፎጣቸውን ጠቅልለው ወተፏት። ከዚያ መሀል ቤት ቆመው ጧፉን ከፍ አደረጉ። ነበልባሉ ንቅንቅ አላለም። ሥዕል ፊት የበራ ይመስል ቀጥ አለ።

«አሁን ቤት ሆነ» አሉ።

እኔም እንባዬ መጣ። ዛሬ ያን ነበልባል ሳስታውሰው ግን ተነስቼ መስኮት እከፍታለሁ።

የገና ጾም ነበር፤ ዓርብ፤ ከቢሮ ፈቃድ ወስጃለሁ። አባቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምሱም፤ እኔም እሳቸው ፊት ሰው ልምሰል ብዬ አብሬ እጾማለሁ። ከቁርስ ሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። የምንሞቅበት የኤሌክትሪክ ምድጃ ቀዘቀዘ። ከሰል ላያይዝ ወጣሁ።

ከሰል ሰው እንደሚገድል አናውቅም ነበር ብዬ አልዋሽም። በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ እገሌን በተከራየበት ቤት ከሰል አፈነው ይባላል፤ ከንፈር እንመጣለን። ግን ከሰል የሚገድለው ተኝተው ሲያድሩበት ነው ብለን እናምናለን። ደግሞም ደጅ ተቀጣጥሎ ጭሱ ካለቀለት፣ ፍም ከሆነ፣ ምንም አያደርግም ብለን እናምናለን። እኔም ደጅ ላይ በደንብ አራገብኩት። ባለቤቴ ከኩሽና ብቅ ብላ፣

«ጭሱ ወጥቶለታል?» አለችኝ።

«ፍም ሆኗል! እንደ ብርቱካን!»

«እንግዲያው ይሁን» ብላ ገባች። የከሰል ምድጃውን ይዤ ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። «ጵስ» አለ።

እንዴት ያለ ሙቀት መሰላችሁ! አባቴ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ታህሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሽማግሌ ጋቢ ሲያወርድ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። መሮ ይዘው የእኔን ዱካ እግር ያስተካክሉ ጀመር።

«ይኸን እግር ማን ነው የጠረበው? ዓይነ ስውር ነው?»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

«ዓይነ ስውርን ሰደብኩት።»

ሳቅሁ። ስስቅ ራሴን ግራና ቀኝ ወጋኝ። ጾም ነው አልኩ። ጾም ሲሆን ራስ ያማል፤ ያለ ነገር ነው። ጥቂት ቆይተው አባቴም «ዛሬስ ጾሙ ከበደኝ» አሉ። «እኔንም» አልኳቸው። «ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይለቀናል።» ግንባራቸው ላይ ወዝ ወጥቷል፤ እንዴት አምሮባቸዋል ብዬ ደስ አለኝ። አለመሳላቸውን ልብ አልኩና እሱም ደስ አለኝ። ይህን ያህል ነው ቂልነቴ፤ ሞት አጠገባችን ተቀምጦ እሳት ሲሞቅ እኔ እደሰታለሁ።

መሯቸው ከእጃቸው ወደቀ።

አላነሱትም። አባቴ ዕቃ ከእጃቸው ሲወድቅ አይቼ አላውቅም። ሳያነሱት ሲቀሩማ! ቀና ብዬ አየኋቸው። ራሳቸው ደረታቸው ላይ ተደፍቷል፤ ለሀጫቸው ጢማቸው ላይ ወርዷል።

ጾም ያደክማል እንጂ ለሀጭ አያዝረከርክም። ያኔ ገባኝ። ምድጃውን አየሁት፣ በሩን አየሁት፣ ጥርቅም ያለውን ግድግዳዬን አየሁት። 

ተነሳሁ ልበል? ተነስ ብዬ አዘዝኩት፤ እግሬ አልታዘዘም። የሌላ ሰው እግር ሆኗል። እንደ ሕፃን በጉልበቴ ሄጄ በሩ ጋ ደረስኩ። ከፍ አድርጎ፣ እግርን ተክሎ፣ ወደ ውስጥ መሳብ! ያን በር የሠራሁት ጤነኛ እግር ላለው ሰው ነው። ሳብኩት። ጎማው ያዘኝ። ደግሜ ሳብኩት። ባለቤቴን ልጣራ አፌን ስከፍት የወጣው ድምፅ የራሴ ጆሮም በቅጡ አልሰማውም። ቢሰማም ግድግዳው ጭድ ነው፤ ድምፅ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አላስቀረሁም።

«አባዬ! ተነስ! ተነስ እንጂ!» አልኩ። ዕድሜ ልኬን አንቱ ያልኳቸውን ሰው።

አልተነሱም።

ዓይኔ መጨለም ጀምሯል። የሥራ ጠረጴዛውን ተደግፌ እጄን ወደ ግድግዳው ሰደድኩ፤ መዶሻው የት እንዳለ ሳላይ አውቀዋለሁ። ስንት ዘመን ሙሉ መዶሻ ስፈልግ ቤት የማተራምስ ሰው፣ የዚያን ቀን እጄን እንደዘረጋሁ አገኘሁት። ላስቲኩን መታሁት፤ ነጥሮ መለሰኝ። በጥፍሩ በኩል አዙሬ መታሁት። ተቀደደ፤ ከኋላው ያለው መስታወት ተንኮታኮተ። ብርዱ ፊቴን በጥፊ ሲለኝ ጠረጴዛው ሥር ተዘረርኩ።

«አሁን ደግሞ ምኑን ሰበርከው?» የባለቤቴ ድምፅ ነበር፣ ከሩቅ። በመስኮቱ አየችን። ከዚያ በኋላ ድምፅዋን አልሰማሁም፤ በሩ ላይ ስትወረወር ብቻ ነው የሰማሁት። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ነውና ከውጭ በትከሻዋ ስትመታው ተከፈተ።

አባቴን በጋቢያቸው እየጎተተች አወጣቻቸው። እኔ ከኋላ በደረቴ ተሳብኩ። ሣሩ ላይ አስተኛቻቸውና ቀና ብላ አየችኝ። «ይተነፍሳሉ?» አልኳት። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አፋቸው ላይ ለጠፈች።

ነፋሱ ያን ቀን ከሸንተረሩ ያለ ርኅራኄ ይመጣ ነበር። ሌላ ብርድ ቢመታቸው አይችሉትም የተባሉ ሰው ናቸው። አየር ካላገኙ ደግሞ ይሄዳሉ። ያን ያህል ጊዜ ጭድ እየጠቀጠቅሁ፣ ጨርቅ እየወተፍኩ የተጣላሁትን ብርድ፣ በገዛ እጄ ጋቢያቸውን ገልጬ፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ በጣጥሼ፣ ደረታቸው ላይ አስገባሁት። ግባ አልኩት። እባክህ ግባ።

ጎረቤታችን ባጃጅ አለው፤ እሱ አደረሰን። ሸራውን ገልጦ ነዳው። ጭንቅላታቸውን ታፋዬ ላይ ይዤ በየጉድጓዱ በተንገጫገጭን ቁጥር ሄዱ፣ ሄዱ፣ አሁን ሄዱ እላለሁ። አፍንጫቸው ሥር ጣቴን አድርጌ ትንፋሽ ስፈልግ የማገኘው ነፋሱን ነው፤ የእሳቸው ይሁን የታህሣሥ ይሁን መለየት አልቻልኩም።

ሆስፒታል ኦክስጅን ተደረገላቸው። ነርሷ የእኔንም አፍ ልታፍን እየመጣች፣

«ከሰል ነው?» አለችኝ።

«ፍም ነበር» አልኳት።

«ሁሉም ፍም ነበር ነው የሚሉት» አለችና ጭምብሉን አጠለቀችልኝ።

አባቴ ማዶ አልጋ ላይ ናቸው። ባለቤቴ መሀል ላይ ቆማለች፤ አትሰድበኝም። አለመስደቧ ከሁሉ በላይ አስፈራኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ አለፈም። ጾም የሚፈታበት ሰዓት መሆኑን ማንም አላስታወሰም። ነርሷ መጥታ የዓይናቸውን ቆብ ገልጣ ታያለች፣ ትሄዳለች። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ መሀል የማስበው የጧፉን ነበልባል ነው። እንዴት ቀጥ ብሎ ቆመ! እንዴት ሳቁ!

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባቴ ዓይናቸውን ገለጡ። ጣሪያውን አዩ፣ ባለቤቴን አዩ።

«ዘጠኝ ሰዓት ሆነ እንዴ?» አሉ።

ባለቤቴ ያኔ ነው ያለቀሰችው። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረችና የመጣላትን ሁሉ ሰደበችኝ። ሰላም መሆናችንን ያወቅሁት በዚያ ነው።

ከሆስፒታል ከወጣን በኋላም ግን ፍርሃቴ አልወጣም፤ ፊቱን አዞረ እንጂ። ድሮ ሳላቸውን ስሰማ እፈራ ነበር። አሁን ካልሰማሁ እፈራለሁ። ጠዋት በራቸው ላይ ጆሮዬን ለጥፌ፣ ሳሉልኝ አባዬ፣ አንዴ ብቻ ሳሉልኝ እላለሁ። ሲስሉ ቁርሴን እበላለሁ።

ጋራዡን ላፈርሰው ነበር፤ እሳቸው እምቢ አሉ። ከሰል ዳግመኛ ደጁን አይረግጥም። በሩን ወደ ውጭ እንዲከፈት አዞርኩት፤ ጎማውን ገፈፍኩ። ከታችና ከኮርኒሱ ሥር ቀዳዳ ከፈትኩ። አባቴ ፎጣቸውን ከቀዳዳዋ ራሳቸው መዝዘው አወጡ። መብራት ሲኖር ምድጃው ይበራል፤ ሲጠፋ ሁላችንም ሥራ አቁመን ቤት እንገባለን፣ እሳቸውም እየተነጫነጩ።

የመጀመሪያ ቀን ሲገቡ በሩ ላይ ቆምኩ፤ መግባት አቃተኝ። እሳቸው ጧፋቸውን አብርተው ቀዳዳዋ ጋ ያዙት። ነበልባሉ ጎንበስ አለ። ደስ አላቸው መሰለኝ፤ ዞር ብለው አዩኝ።

«ባለፈው ጊዜ አንተ ብለህ ጠራኸኝ» አሉ።

«ሰምተውኛል እንዴ?»

«ሰምቼሃለሁ። መልስ መስጠት ነው ያቃተኝ።»

መሬት መሬት አየሁ። «ከብርድ ልጠብቅዎ ብዬ እኮ ነው፣ አባዬ» አልኩ።

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተከናነቡና ያን የሚወላገድ ዱካዬን ስበው ተቀመጡ።

«ብርድን ተወው፣ ይግባ ልጄ» አሉኝ። «እሱ ሲመጣ አንኳኩቶ ነው።»