ከአልጋው ማዶ ያለው ባላንጣ

ሽማግሌው ከሰፈራቸው ከቂርያት ሃዮቨል በመጀመሪያው አውቶቡስ ሆስፒታል ይመጣሉ። ኮታቸው ክረምት ከበጋ ያው ነው፤ ባርኔጣቸውንም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተው አያወልቁም። ወንበር ይጎትቱና ከአልጋው ማዶ ላለው ስክሪን ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። ከዚያ እጃቸውን በብርድ ልብሱ ስር ሰድደው የሚስታቸውን የእግር ጣት ይይዛሉ።

የምስራች የምትባለው ነርስ ስለ ስክሪኑ ልታስረዳቸው ሞክራ ነበር። "አባባ፣ ይሄ ሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ ነው። ስንት ሺህ በሽተኛ እያየ ተምሯል። የባለቤትዎ የልብ ምትና የደም ግፊት ከአንድ ሰዓት በኋላ ምን እንደሚሆን ቀድሞ ይናገራል።"

"ስንት ሺህ ሰው ሲያይ የኖረ ምኑ ይታመናል?" አሉ ፊታቸውን አኮሳትረው። "እኔ አርባ ሰባት ዓመት አንዷን ብቻ ነው ያየሁ።"

የምስራች ሳቋ መጣ፤ ቅናት ነው ለካ!

ከዚያ ወዲህ ከስክሪኑ ጋር እልህ ተጋቡ። ትናንት ስክሪኑ ዝም እንዳለ፣ እግሯ ቢቀዘቅዝባቸው "ግፊቷ ሊወርድ ነው!" ብለው ተጣሩ፤ እውነትም ወረደ። ሐኪሞቹ ሲሯሯጡ እሳቸው ዞረው "ረታሁህ" በሚል ዓይን ስክሪኑን ገላመጡት። ወዲያው በምን እንደተደሰቱ ገባቸውና አንገታቸውን ደፉ።

ዛሬ የምስራች ስትገባ ወንበራቸውን አዙረው ወደ ስክሪኑ ተቀምጠዋል። እጃቸው ግን እዚያው ብርድ ልብሱ ስር ነው።

"ምን ይላል ልጄ?"

"ደህና ይውላሉ ይላል፣ አባባ።"

"እግሯ ቀዝቅዞብኛል" አሉ በቀስታ። ከዚያ ቀና ብለው ስክሪኑን አዩት። "ዛሬስ እሱ ይርታኝ።"